ሚዛኑን ወደ እኛ አዙሩት



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። "አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ጌም?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል እንጂ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ማን ይመዝናል? ማን ይመዘናል? ሚዛኑንስ የሚያየው ማነው? (ዓመታቱን "በእኛ" ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ቀን ቀን የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ይሠራል፤ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የተኩስ ጌም ይጫወታል። የጌሙን ስም አልጠራም፤ ለማለት የፈለግሁት ከአንድ ጌም በላይ ነውና። ባለፈው ሰሞን ቤት መጣና 1500 ብር አበድረኝ አለኝ። ለምን ስለው "ስኪን ልገዛ" አለ። ለማታውቁት፣ ስኪን ማለት የገጸ ባሕርይህን ልብስ ወይም የመሣሪያህን ቀለም የሚቀይር ጌጥ ነው። ጥይቱን አያጠነክርም፣ እጅህን አያፈጥንም።

"ታዲያ ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"አጎቴ፣ የሚገዛ ሰው ቀላል ተጋጣሚ ይሰጡታል። ይሄን ሁሉም ያውቃል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ራንክ ላይ ተቸንክሬያለሁ። አምስት አሸንፌ ልወጣ ስል ስድስት አከታትለው ያሸንፉኝና እመለሳለሁ። ጌሙ ለይቶ ይዞኛል።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ልቆጣው አሰብኩ። "እንዲህ መሆኑን በምን አወቅህ?" ስለው፣ "አንተስ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ማታ ተቀምጬ ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

◾ የሉካንዳው ሚዛን

ሉካንዳ ቤት ገብታችሁ አንድ ኪሎ ሥጋ አዛችሁ እንበል። ባለሉካንዳው ሚዛኑን ወደ ራሱ አዙሮታል። መርፌው የት እንደቆመ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ "ኪሎ ሞልቷል" ይላችኋል። ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባትም ከኪሎ አሳልፎላችሁ ይሆናል። ግን ማናችሁም በዚያ ሁኔታ ሥጋውን ይዛችሁ አትወጡም። "ወንድሜ፣ ሚዛኑን ወደዚህ አዙረው" ትላላችሁ። ይህን ስትሉ ሌባ ነህ ማለታችሁ አይደለም። የምትከፍሉበትን ነገር ማየት መብታችሁ መሆኑን ማሳወቃችሁ ነው።

በኢንተርኔት የሚደረጉ የፉክክር ጌሞች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት ሚዛን ነው የሚሠሩት። ስልክህ ላይ "ነሐስ"፣ "ብር"፣ "ወርቅ"፣ "አልማዝ" የሚል ያጌጠ አርማ ታያለህ። ከማን ጋር እንደምትጋጠም የሚወስነው ግን ያ አርማ አይደለም። ከጀርባው ኤም.ኤም.አር የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ የችሎታህን ግምት የያዘ የማጋጠሚያ ነጥብ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይለወጣል። ኩባንያው እስከ ነጥብ ቤቱ ያውቀዋል። የአንተ ሆኖ ሳለ አንተ አታየውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

◾ ቼዝ ያስተማረን

ነገሩ ከመሠረቱ ድብቅ አልነበረም። አርፓድ ኤሎ የሚባል ትውልደ ሃንጋሪ አሜሪካዊ ነበር። ሚልዋኪ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ ቼዝም አጥብቆ ይጫወት ነበር። እሱ የቀመረውን የነጥብ ስሌት በ1960 የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ በ1970 ደግሞ የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ተቀበሉት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። የሁለት ተጋጣሚዎች ቁጥር እኩል ከሆነ ከሁለቱም የሚጠበቀው ግማሽ ግማሽ ነው። አንዱ በ200 ነጥብ ከበለጠ፣ ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ልዩነቱ 400 ከሆነ ወደ 91 ይጠጋል። ከጨዋታው በኋላ የተጠበቀውና የሆነው ይነጻጸራል። ብዙ ጊዜ በሚሠራበት በ20 ብዜት ብናሰላው፣ በ200 ነጥብ የሚበልጠው ሰው ሲያሸንፍ የሚጨመርለት 4.8 ነጥብ ብቻ ነው፤ ማሸነፉ የተጠበቀ ነበርና። ከተሸነፈ ግን 15.2 ነጥብ ያጣል። ያልተጠበቀ ነገር ሲሆን ሚዛኑ አብዝቶ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ልብ በሉ። ይህን ስሌት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በእስክሪብቶና በካልኩሌተር ሊሠራው ይችላል። ፊዴ የሁሉንም ተጫዋች ነጥብ በየወሩ ያወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ባለነጥብ የቼዝ ተጫዋች የራሱንም፣ የተጋጣሚውንም፣ የዓለም ሻምፒዮኑንም ቁጥር እኩል ማየት ይችላል። ተበደልኩ የሚል ሰው ራሱ አስልቶ "እዚህ ጋ ተሳስታችኋል" ማለት ይችላል። ቼዝ በዚህ ምክንያት አልሞተም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሯል።

ከኤሎ በኋላ የመጡት ስሌቶች ሌላ ቁም ነገር ጨመሩ። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ማርክ ግሊክማን በ1990ዎቹ ግሊኮ የሚባለውን ሲቀምር፣ ከቁጥሩ ጎን የጥርጣሬ መጠን አስቀመጠ። "ይህ ሰው 1500 ነው" በማለት ፋንታ "1500 ይመስለኛል፤ ግን ገና አልለየሁትም" እንደማለት ነው። ብዙ ከተጫወትክ ጥርጣሬው ይጠብባል፤ ለወራት ከጠፋህ መልሶ ይሰፋል። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ የሠራው ትሩስኪል ደግሞ በቡድን ከተገኘ ውጤት የእያንዳንዱን ሰው ችሎታ መገመት ቻለ። በእሱ አዲስ ተጫዋች የሚጀምረው በ25 ነው፤ ጥርጣሬው 8.33 ያህል ነው። ለተጫዋቹ የሚታየው ቁጥር ሲሰላ የጥርጣሬው ሦስት እጥፍ ይቀነስና ከ0 ይነሣል።

እስከዚህ ድረስ እኔ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ያለ ሚዛን ፉክክር አይኖርም። ትናንት የጀመረ ልጅ ለአምስት ዓመት ከተጫወተ ሰው ጋር ቢጣል በሁለት ቀን ጌሙን ጥሎ ይሄዳል። መመዘኑን አልቃወምም። የምቃወመው መርፌው ወዴት እንደዞረ ነው።

◾ ሁለት መዝገብ

ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ታውቃላችሁ። አንዱ ለገቢዎች የሚታይ ነው፣ ሌላው ለራሱ። ጌሞቹም ሁለት መዝገብ መያዝ የጀመሩበት ጊዜ ይታወቃል። በ2009 የወጣው ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጫዋቹን የኤሎ ቁጥር በግልጽ ያሳይ ነበር። በ2013 ግን ቁጥሩን ወደ ጀርባ ገፋና ከፊት እርከንና የሊግ ነጥብ አስቀመጠ። ማጋጠሙን የሚወስነው ጀርባ ያለው ቁጥር ሆኖ ቀጠለ። ሌሎችም ይህን መንገድ ተከተሉ።

ሁለቱ መዝገቦች ሲለያዩ ምን ይሆናል? በምሳሌ ላሳያችሁ። ያንተ አርማ "ወርቅ" ይላል። የተደበቀው ቁጥር ግን "ይህ ልጅ ብር ነው" ይላል። ሲስተሙ አርማውን ወደ ቁጥሩ መጎተት ስላለበት፣ ስታሸንፍ 15 ነጥብ ይጨምርልሃል፣ ስትሸነፍ 25 ይቀንስብሃል። ተጋጣሚህን ሲመርጥ ደግሞ የሚጠቀመው የተደበቀውን ቁጥር ስለሆነ በግማሽ በግማሽ እንድታሸንፍ አድርጎ ያጋጥምሃል። 40 ጨዋታ ተጫውተህ 20 አሸነፍክ እንበል። ያገኘኸው 300፣ ያጣኸው 500 ነው። እኩል አሸንፈህ እኩል ተሸንፈህ 200 ነጥብ ወረድክ። ባለህበት ለመቆየት ብቻ ከ100 ጨዋታ 62 ወይም 63 ማሸነፍ ነበረብህ።

በስሌት ደረጃ ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሁለቱን መዝገቦች ማስታረቅ ነው። ስልኩን ይዞ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለተቀመጠው ልጅ ግን ምን ይመስለዋል? "እኩል አሸንፌ ለምን ወረድኩ?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለው እሱ በማያየው መዝገብ ውስጥ ነው።

እስቲ ትምህርት ቤት ላይ አስቡት። ካርዱ ላይ "ጎበዝ ተማሪ" ተብሎ በወርቃማ ማኅተም ተመትቶበታል። እውነተኛው ውጤትና ደረጃ ግን ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚወሰነው በመሳቢያው ወረቀት ነው። የትኛው ወላጅ ነው ይህን ሰምቶ ዝም የሚለው?

የሲዝን ነገርም አለ። በብዙ ጌሞች በየጥቂት ወሩ አርማው ወደ ታች ይመለሳል፤ የተደበቀው ቁጥር ግን በአብዛኛው ባለበት ይቀራል ወይም በጥቂቱ ብቻ ይነካል። ስለዚህ ልጁ ያንኑ ዳገት እንደገና ይወጣል። ከወር በኋላ "ወርቅ ገባሁ!" ብሎ ይጮኻል። የዛሬ ዓመትም ወርቅ ነበር። ችሎታው አልተለወጠም፤ መሰላሉ ነው ከሥሩ ወርዶ የተተከለው። ቁጥሩን ቢያይ ኖሮ ይህን በአንድ ዓይን ይረዳው ነበር።

ቦቶችም አሉ። ፎርትናይት በ2019 ሰው ያልሆኑ፣ በኮምፒውተር የሚነዱ ተጫዋቾችን እንደሚያስገባ ራሱ አስታውቋል። ሌሎች የስልክ ጌሞችም ለጀማሪዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። ለጀማሪ መለማመጃ መስጠት ክፋት የለውም። ግን የሰው ስም ተለጥፎለት ሰው መስሎ ሲመጣ ለምን አይነገርም? ልጁ ለጓደኞቹ የሚፎክርበት የመጀመሪያ ድሉ የተገኘው ከማሽን ላይ ሊሆን ይችላል።

◾ የእህቴ ልጅ የተሳሳተበት

አሁን ለኩባንያዎቹም ፍርድ እንስጥ። የእህቴ ልጅ "ስድስት ጊዜ አከታትለው አሸነፉኝ፤ ስለዚህ ጌሙ ይጠላኛል" ማለቱ ስሕተት ነው።

አንድ ሳንቲም 100 ጊዜ ወርውሩ። በተከታታይ ስድስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ "ዘውድ" የመውጣቱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ሳንቲሙ ማንንም አይጠላም። በደንብ የሚሠራ ማጋጠሚያ ዓላማው እያንዳንዱን ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ እኩል ማድረግ ነው። ስለዚህ በቀን አሥር ጨዋታ የሚጫወት ልጅ በአሥር ቀን ውስጥ ስድስት ተከታታይ ሽንፈት ቢያይ ሊገርመው አይገባም። ባያይ ነው ይበልጥ የሚገርመው።

አንድ ቦታ መቸንከርም የሴራ ምልክት አይደለም። ሚዛኑ አንተን በትክክል ካወቀህ ግማሹን ታሸንፋለህ፣ ግማሹን ትሸነፋለህ፤ ባለህበትም ትቆማለህ። ለመውጣት መሻሻል አለብህ። ይህ መራራ እውነት ነው፤ ብዙ ጎረምሳ ከዚህ እውነት ይልቅ "ጌሙ ይዞኛል" የሚለውን ይመርጣል። ይህን ለልጁ ነግሬዋለሁ፤ አልወደደልኝም።

◾ ያልተሳሳተበት

ግን በአንድ ነገር ልክ ነው። "እንዳልሆነ በምን አወቅህ?" ያለው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሦስት በይፋ የሚታወቁ ነገሮችን ልንገራችሁ።

አንደኛው የባለቤትነት መብት ነው። አክቲቪዥን የተባለው ግዙፍ የጌም ኩባንያ በጥቅምት 2017 በአሜሪካ አንድ ፓተንት ጸደቀለት። የፓተንቱ ጉዳይ ማጋጠሚያን ተጠቅሞ ተጫዋቾች በጌም ውስጥ ዕቃ እንዲገዙ መገፋፋት ነው። ለምሳሌ ጀማሪውን አንድ መሣሪያ ገዝቶ ከያዘ ጎበዝ ተጫዋች ጋር ታጋጥመዋለህ፤ ጀማሪው መሣሪያውን አይቶ እንዲመኘው። ከገዛ በኋላ ደግሞ ያ መሣሪያ ጥሩ ወደሚሠራበት ጨዋታ ታስገባዋለህ፤ በግዢው እንዲደሰት። ኩባንያው ነገሩ በምርምር ክፍሉ የተሠራ እንደሆነና በየትኛውም ጌም ላይ እንዳልዋለ ተናግሯል። አልዋለም ያሉትን ልቀበል። ግን የእህቴ ልጅ "የሚገዛ ቀላል ተጋጣሚ ይሰጡታል" ያለው ነገር ከሰፈር ወሬ ያለፈ መሆኑን አያችሁ? ቢያንስ እንደ ሐሳብ፣ በሕጋዊ ሰነድ ላይ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል።

ሁለተኛው ጥናት ነው። በዚያው በ2017 የኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ የኢ.ኤ.፣ ተመራማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው በአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ጥናት አቀረቡ። የጥናቱ ጭብጥ ይህ ነው፦ ሁለት እኩል ሰዎችን ማጋጠም ሁልጊዜ ተጫዋቹን አያቆይም። ስለዚህ ከእኩልነት ይልቅ ተጫዋቹ ጌሙን ጥሎ የመሄድ ዕድሉን የሚቀንሰውን ግጥሚያ እንምረጥ። አከታትሎ የተሸነፈ ሰው ሊሄድ ነውና ለእሱ የሚሆን ተጋጣሚ እንፈልግለት። ይህን ያሳዩት በኮምፒውተር ምስለት ነው፤ በየጌሙ ውስጥ ተግባራዊ ሆኗል የሚል ማስረጃ የለኝም፤ አልልምም። የምለው ሌላ ነው። ፍትሐዊ ግጥሚያና አትራፊ ግጥሚያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ኢንዱስትሪው ራሱ አውቆ ጽፎታል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ይህኛው ተፈጽሟል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኔክሰን የሚባል ኩባንያ ሜፕልስቶሪ በሚባል ጌሙ ላይ "ኪዩብ" የሚባል በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከኪዩቡ የሚወጣው በዕድል ነው፤ የዕድሉ መጠን ግን አይታይም ነበር። ኩባንያው ከ2010 ጀምሮ ተጫዋቾች በጣም የሚፈልጓቸው ነገሮች የሚወጡበትን ዕድል ሳያሳውቅ ቀነሰ፤ አንዳንዶቹን ጭራሽ እንዳይወጡ አደረገ። ሰው ለማይወጣ ዕጣ ሲከፍል ኖረ። በጥር 2024 የኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን 11.6 ቢሊዮን ዎን ቀጣው። ዕድል የሚያወጣ ዕቃና ማጋጠሚያ አንድ ነገር አይደሉም፤ ልዩነታቸውን አውቃለሁ። ግን ትምህርቱ አንድ ነው። የተደበቀ ቁጥር ትርፍ በሚፈልግ እጅ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አይተናል። ያን ጊዜም "ጌሙ ያጭበረብራል" ያሉት ተጫዋቾች ነበሩ። ልክም ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጁ ለጥርጣሬው ማስረጃ የለውም። ኩባንያው ለንጽሕናው ማስረጃ አለው፤ ግን አያሳይም። ታዲያ ለጥርጣሬው ተጠያቂው ማነው?

◾ የኩባንያዎቹ መከላከያ

ቁጥሩን የሚደብቁበት ምክንያት አላቸው፤ እንስማቸው።

"ቁጥሩ ሲታይ ሰው ይጨነቃል፣ መጫወት ይፈራል" ይላሉ። እውነትነት አለው። ነጥቤ ይቀንሳል ብሎ ጨዋታ የሚፈራ ሰው አለ። ግን አርማውም ይወርዳል፤ ሰው በአርማውም ይጨነቃል። በዚያ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማየት የማይፈልግ እንዲዘጋው ቁልፍ ስጡት። ላይህ ያለውን ሁሉ ዓይኑን አትሸፍኑበት።

"ሰው በቁጥር ይሰዳደባል፣ የቡድን አጋሩን ያዋርዳል" ይላሉ። ይህም ይሆናል። ታዲያ ቁጥሩን ለባለቤቱ ብቻ አሳዩት። የባንክ ሒሳቤን ጎረቤቴ እንዳያየው መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከእኔ ከባለቤቱ መደበቅ ሌላ ነው።

"ስሌቱ ከታወቀ አጭበርባሪዎች ይጠቀሙበታል" ይላሉ። ስሌቱ የቆመው በማሸነፍና በመሸነፍ ላይ ከሆነ ነጥብ ለመጨመር ያለው ዋና መንገድ ማሸነፍ ነው። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ መድረክ ግሊኮ 2ን ይጠቀማል፤ የፕሮግራሙ ኮድ ሳይቀር ለማንም ክፍት ነው፤ ነጥቡንም የጥርጣሬውንም መጠን ያሳያል። ሆን ብሎ እየተሸነፈ ዝቅ ብሎ ደካሞችን የሚያጠቃ ሰው ቼዝም ላይ አለ። ድብቅ ነጥብ ያላቸው ጌሞች ላይም አለ። መደበቁ አላዳናቸውም።

"ችሎታን ማገናዘብ ካቆምን አብዛኛው ሰው ይጎዳል" የሚል መከራከሪያም ይመጣል። አክቲቪዥን በ2024 ይህን በሙከራ አሳይቷል። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ የችሎታ ሚዛኑን ለአንዳንዶች ሲያላላው፣ ከተጫዋቾቹ 90 በመቶ በሚሆኑት ዘንድ ወደ ጌሙ የመመለስ መጠን ቀነሰ። የተጠቀሙት ከላይ ያሉት 10 በመቶዎቹ ናቸው። ይህን አምናለሁ፤ ደካማውን የሚጠብቀው ሚዛን ነው። ግን ይህ መመዘን ያስፈልጋል ለሚለው ማስረጃ ነው እንጂ መደበቅ ያስፈልጋል ለሚለው አይደለም። እንዲያውም ኩባንያው ጥናቱን ማውጣቱ ራሱ መናገር እንደሚቻል ያሳያል።

መግለጥ የሚቻል መሆኑን ደግሞ ከራሳቸው ቤት እንማር። ኦቨርዋች 2 በ2022 ሲወጣ የቀድሞውን ግልጽ ቁጥር ደበቀ። መጀመሪያ ላይ አርማህ የሚታደሰው 7 ጊዜ ካሸነፍክ ወይም 20 ጊዜ ከተሸነፍክ በኋላ ነበር። በመሐል ምን እየሆነ እንዳለ አታውቅም። ተጫዋቹ አጉረመረመ። በየካቲት 2024 ኩባንያው አሠራሩን ቀየረ፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ምን ያህል እንደወጣህ ወይም እንደወረድክ፣ ለምን ከወትሮው እንደበዛ ወይም እንዳነሰ ማሳየት ጀመረ። ካውንተር ስትራይክም ለዓመታት በ18 አርማዎች ጀርባ ሲደብቀው የኖረውን ነገር በ2023 በወጣው ሁለተኛው ጌም ዋና የፉክክር ክፍል ላይ ግልጽ ቁጥር አደረገው። ሰማይ አልተደፋም።

◾ ምን እንጠይቅ?

የምጠይቀው አራት ነገር ነው፤ ከባድ አይደለም።

1. የራሴን ቁጥር ከጥርጣሬው መጠን ጋር አሳዩኝ። ማየት የማይፈልግ ይዝጋው።

2. ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የሁለቱን ቡድን አማካይ ነጥብና ከጨዋታው በፊት የነበረውን የማሸነፍ ግምት ንገሩኝ። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ አስልቶታል፤ ማሳየት ብቻ ነው የቀረው።

3. ተጋጣሚዬ ቦት ከሆነ ቦት ነው በሉኝ።

4. ማጋጠሚያው ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ጻፉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ማውጣቴ ወይም አለማውጣቴ እንደማይገባ በግልጽ ጻፉ፤ ገለልተኛ መርማሪም ያረጋግጠው።

"ኩባንያን ማን ያስገድደዋል?" ትሉኝ ይሆናል። ተገድደው ያውቃሉ። ቻይና ከ2017 ጀምሮ በዕድል የሚሸጡ የጌም ዕቃዎች የመውጫ ዕድላቸው እንዲታወቅ አዘዘች። ደቡብ ኮሪያም ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ይህንኑ በሕግ ግዴታ አደረገች። የዕጣውን ቁጥር ማሳየት ከተቻለ የሚዛኑን ቁጥር ማሳየት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

◾ ጌም የማይጫወት ሰው ምን አገባው?

እዚህ ድረስ የታገሣችሁኝ የጌም ሰው ያልሆናችሁ ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በስልክ ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር እየለመድን ነው። ለአንዱ ብዙ ይፈቀድለታል፣ ለሌላው ጥቂት፣ ለሦስተኛው ምንም። ልዩነቱን የሚወስነው ከጀርባ ያለ ነጥብ ነው። ነጥቡ ስንት ነው? በምን ይጨምራል፣ በምን ይቀንሳል? በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳው ሰውስ ጥሪ የሚመጣለትና የማይመጣለት በምን ስሌት እንደሆነ ማን ነግሮታል? ጌሙ ላይ የሚጠፋው ማታና የስኪን ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ የሚጠፋው የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ይመዝኑሃል፣ መርፌውን አያሳዩህም፣ ውጤቱን ብቻ ያስረክቡሃል።

በእኛ 2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማወቅ መብት እንዳለው ተቀብሏል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መብት የሚጠይቀው ሲያገኝ ነው መብት የሚሆነው። የእኔ ፍርሃት አሁን ጌም እየተጫወተ ያደገው ትውልድ ድብቅ ሚዛንን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር አድርጎ ለምዶት እንዳይቀር ነው። በ15 ዓመቱ "ሲስተሙ እንዲህ ነው" ብሎ የተቀበለ ልጅ፣ በ30 ዓመቱ ብድር ሲከለከልም "ሲስተሙ እንዲህ ነው" ብሎ ይወጣል። ለምን ብሎ አይጠይቅም። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ሁሉንም ነገር ሴራ ያደርገዋል፤ በሠራውም ስሕተት፣ በደረሰበትም በደል "ይዘውኛል" ይላል። ሁለቱም ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚቀዱት። ሚዛኑን ሳያይ የኖረ ሰው ወይ ይሰግዳል፣ ወይ ይጠረጥራል። ማስላት አይለምድም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። 1500 ብሩን አልሰጠሁትም። ከላይ የጻፍኩላችሁን ሁሉ፣ ሳንቲሙንም ኤሎንም ፓተንቱንም፣ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ኪሱ ከተተና እንዲህ አለኝ፦

"እሺ አጎቴ። ታዲያ እኔ ጎበዝ ነኝ ወይስ አይደለሁም?"

ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ የለፋበት ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱ ተሰልቶ አልቋል። አንድ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ውስጥ ከነነጥብ ቤቱ ተጽፎ ተቀምጧል። ኩባንያው ያውቀዋል። ማወቅ የተከለከለው ልጁ ብቻ ነው።

ሚዛኑን ወደ እኛ አዙሩት።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ የምትጫወቱ ልጆች ካላችሁ ከእነሱ ጋር አንብቡትና የሚሉትን ንገሩኝ። ቸር ያሰንብተን።